ለአቋቋም አርባ ነጥብ

በሕይወቴ እንደ ጎልፍ የናቅሁት ነገር የለም። ጨዋታው ራሱ ምንም አላደረገኝም፤ ዱላ ነው፣ ኳስ ነው፣ ሣር ነው። የምንቀው በጨዋታው አሳብበው ቀጥ ብለው የቆሙትን ሰዎች ነው። ከእነሱ አንዱ እኔ ስለነበርኩ ንቀቴ ከሌላ ሰው ንቀት ይበረታል። የማውቀውን ነው የምንቀው።

ነገሩ የሆነው ከሚዛን ተፈሪ ወደ ቴፒ ከሚወስደው መንገድ ገባ ብሎ፣ አንድ ባለሀብት በያዘው የቡና እርሻ ላይ ነው። ያን ጊዜ ሚዛን ከተማ የስፖርት መምህር ነበርኩ፤ ከኮሌጅ ከወጣሁ ገና ሁለት ዓመቴ። ክረምት ትምህርት ሲዘጋ ወላጆቼ ዘንድ እመጣለሁ። ቤታቸው ከእርሻው አጥር ማዶ፣ ከመንገዱ በታች ነው። አባቴ እዚያ እርሻ ላይ የቀን ሠራተኛ ነበር፤ ሥራውም ቡናው መሀል የሚበቅለውን ሣር ማጨድ።

ሥራ አስኪያጁ ከአዲስ አበባ የመጣ፣ ቦርጩ ቀበቶው ላይ የተደላደለ፣ ቡናን ከስኒ ውጪ አይቶ የማያውቅ ሰው ነበር። ለስድስት ወር ሥልጠና ውጭ አገር ተልኮ ነበር ይባላል። ከዚያ ይዞት የመጣው ዕውቀት በሙሉ አንድ ረጅም የቆዳ ቦርሳ ውስጥ ይገባ ነበር፤ ዐሥራ አንድ የጎልፍ ዱላ፣ ጥቂት ኳሶችና አንድ ባለሥዕል መጽሐፍ። በመጣ በሦስተኛው ወር ከእንግዳ ማረፊያው ፊት ለፊት የነበረውን የዘበኞች ጎደሬ አስነቅሎ ሣር አስተከለ። እኛ አገር ሣር መትከል! ዝናቡ ዓመቱን ሙሉ በማይለቀው ምድር፣ ዕድሜያችንን ከሣር ጋር ስንታገል የኖርን ሰዎች፣ ሣር በደመወዝ ሲተከል አየን። ዘበኞቹ ጎደሬያቸውን በጆንያ ተሸክመው ወደ ቤታቸው ወሰዱ።

ከሥራ መልስ ሰውየው ሜዳው ላይ ይወጣል። ነጭ ቆብ፣ ነጭ ጫማ። በዚያ ቀይ ጭቃ ነጭ ጫማ ማድረግ በራሱ ምርመራ የሚያስፈልገው ነገር ነው። ኳሷ ፊት ይቆማል፣ እግሩን ያስተካክላል፣ ወገቡን ይነቀንቃል፣ ደግሞ እግሩን ያስተካክላል። ቆሞ ቆሞ ሲመታት ኳሷ በቀኝ በኩል ቡናው ውስጥ ትገባለች። ከዚያ ጎደሬያቸው የተነቀለባቸው ዘበኞች ኳስ ፍለጋ ይላካሉ።

«እንደ ንጉሡ አጎንብሱ» ይባላል፤ ቢሮው በሙሉ አጎነበሰ። የሰው ኃይል ኃላፊው፣ የንብረት ክፍሉ ሹም፣ የግብርና ባለሙያው ሳይቀር በአንድ ወር ውስጥ ጎልፍ ተጫዋች ሆኑ። ዱላው ለሁሉም ስለማይደርስ አቋቋሙን ብቻ ይለማመዱ ነበር። ሻይ ቤት በር ላይ ሰው ሲጠብቁ እግራቸውን በትከሻቸው ልክ ከፍተው፣ ጉልበታቸውን ሰበር አድርገው፣ ቂጣቸውን ወደ ኋላ ገፍተው ይቆማሉ። አንድ ቀን የንብረት ክፍሉን ሹም ከመጋዘኑ ጀርባ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ፣ በዚያው አቋቋም ቆሞ አየሁት። ልምምድ ላይ ይሁን ሽንት ላይ እስካሁን አልለየሁም።

እኔን ያገኘኝ የሰው ኃይል ኃላፊው ነው። ሻይ ቤት አጠገቤ ተቀምጦ አናገረኝ።

«ቲቸር፣ የስፖርት ዲፕሎማ አይደል ያለህ?»

«አዎ።»

«እንግዲያው ጎልፍም ታውቃለህ። አለቃችን አብሮት የሚጫወት የሠለጠነ ሰው አጥቶ ተቸግሯል።»

የጎልፍ ዱላ በእጄ ነክቼ አላውቅም ነበር። ኮሌጅ ሳለሁ ከአንድ የተባዛ ወረቀት ላይ ስለ ጎልፍ ግማሽ ገጽ አንብቤያለሁ፤ እሱም ስለ አለባበስ ነው። «እንዴታ!» አልኩት። ጅብ ከማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ ይላል፤ እኔ ተወልጄ ባደግሁበት አገር አስነጠፍኩ። ቀጥሎ «የት ነው ያረፍከው?» ሲለኝ «ዘመድ ጋ» አልኩት። የአባቴ ቤት ከተቀመጥንበት ይታይ ነበር። የጓሮው እንሰት፣ ከክዳኑ ላይ የሚወጣው ጭስ፣ ሁሉም ይታየኛል። ዘመድ ጋ አልኩ። በዚያ ክረምት ከዋሸሁት ሁሉ ይችን አንድ ቃል አብልጬ እጠላታለሁ።

መጽሐፉን ተውሼ ሁለት ቀን አነበብኩት። እውነት ለመናገር መጽሐፉ አልዋሸም። ኳሷ የት እንደምትሄድ የሚወሰነው ዱላው ከመነሳቱ በፊት ነው ይላል። ሰውየው እንዴት እንደቆመ ካየህ ኳሷን መከተል አያስፈልግህም። እግር በትከሻ ልክ ይከፈታል። የሰውነት ክብደት ተረከዝ ላይም ጣት ላይም አይጣልም፤ መሀል እግር ላይ ነው። ጉልበት ሰበር ይላል። ማጎንበስ ከዳሌ መጋጠሚያ ነው እንጂ ጀርባን በማጉበጥ አይደለም። ክንድ ከትከሻ ላይ ዘና ብሎ ይንጠለጠላል፤ ዱላው ጫጩት እንደሚያዝ፣ እንዳታመልጥም እንዳትሞትም ሆኖ ይያዛል። ከሁሉ በላይ ምቱ መጠናቀቅ አለበት። ኳሷ ከተመታች በኋላ ዱላው ሄዶ ሄዶ ግራ ትከሻ ላይ ካላረፈ ተመታ አይባልም።

ይህን ሁሉ በቃሌ ያዝኩና ሥራ አስኪያጁን ሁለት ሳምንት ጀርባውን ሳቃና፣ እግሩን ስከፍት ከረምኩ። ኳሷ ቡና ውስጥ መግባቷን ትታ መንገዱ ላይ መውደቅ ጀመረች። «አንተ ባለሙያ ነህ» አለኝ። ዓይኔን በጨው ታጥቤ አመሰገንኩት፤ ከዚያም የባሰው ነገር፣ አመንኩት።

ጣጣው የመጣው ሰውየው አንድ ጠዋት በመኪናው ቡናው መሀል ሲያልፍ ሣር የሚያጭዱትን አይቶ ማሰብ በመጀመሩ ነው።

ማጨጃ የምንለው ጫፉ እንደ ገና ዱላ የጎበጠ፣ ስለታም ረጅም ብረት ነው። በሁለት እጅ ተይዞ ከቀኝ ወደ ግራ ይወናጨፋል። ሥራ አስኪያጁ መኪናውን አስቁሞ ለረጅም ጊዜ ተመለከታቸው፤ እኔ አጠገቡ ተቀምጬ ነበር።

«ይሄ እኮ ጎልፍ ነው!» አለ በደስታ። «ምቱ ያው ነው። ቀስ የሚሉት አቋቋማቸው ስለተበላሸ ነው። ያን ሰውዬ እየው፣ ያን ጎባጣውን!»

ጎባጣው አባቴ ነበር።

አዎ፣ ጎብጦ ነው የሚያጭደው። ግራ እግሩን ወደፊት አስቀድሞ ጉልበቱን ሊንበረከክ እንደፈለገ ሰው ያጥፈዋል። ቀኝ እግሩን ወደ ኋላ ስቦ ጭቃው ውስጥ ይተክለዋል። ክብደቱ እዚያው ኋላ እግሩ ላይ ይቀራል፣ ግራ ትከሻው ይወርዳል። ምቱ አጭር ነው፤ ይጀመራል፣ ሣሩን ያገኛል፣ ያልቃል። ስታየው አንድ ጎኑ የታመመ ሰው ይመስላል። የማጨድ ትርጉሙ ግን እዚያ ላይ ነው። መሬቱ ዳገት ነው፣ ጭቃው ያንሸራትታል፣ በግራ በኩል ሁልጊዜ ቡና አለ። የቀደመው ግራ ጉልበት ለወገብ መዝጊያ ነው፤ ወገብ ካልዞረ ብረቱ አልፎ ቡናውን አይነካም። «መወርወር ሁሉም ሰው ይችላል» ይል ነበር አባቴ። «ማቆም ነው ሥራው።» ለዚህ ነው የቀን ሠራተኞቹ አለቃ ካቦው ገና የተተከለውን ለጋ ቡና ለሌላ ሰው የማይሰጠው። ይህን ሁሉ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። መኪናው ውስጥ ተቀምጬ ግን «እውነትዎን ነው፣ አቋቋሙ ልክ አይደለም» አልኩ።

በዚያ ሰሞን አገሩ በሙሉ የሥራ ለውጥ በሚባል በሽታ ተይዞ ነበር፤ ሁሉም ቦታ መስፈርት፣ ግምገማ፣ ሥልጠና ነው። ባለሀብቱም ከቀን ሠራተኞቹ ዐሥር ሰው ተመርጦ ቋሚ ይሁን የሚል ደብዳቤ ልኮ ነበር። በምን እንደሚመረጡ አላለም። ሥራ አስኪያጁ መስፈርቱን ከጎልፍ መጽሐፉ አወጣው። ለአቋቋም አርባ ነጥብ፣ ለአያያዝ ሠላሳ፣ ምት ለማጠናቀቅ ሠላሳ። ፈተናው ከእንግዳ ማረፊያው ፊት ለፊት፣ ሣሩ ሜዳ ላይ ይሆናል። ፈታኙ እኔ።

እናቴ አስም ነበረባት። ዝናቡ ሲበረታ ደረቷ ይዘጋል፣ ትንፋሽ ያጥራታል። የእርሻው ክሊኒክ ከቤታችን በእግር አምስት ደቂቃ ነው፤ የሚያክመው ግን ቋሚ ሠራተኛንና የቋሚ ሠራተኛ ቤተሰብን ብቻ ነው። እናቴ በታመመች ቁጥር አባቴ ደግፏት የክሊኒኩን በር አልፎ፣ መንገድ ዳር አውጥቷት ወደ ሚዛን የሚሄድ መኪና ይጠብቃል። አንዳንዴ መኪናው ቶሎ ይመጣል። አባቴ ዘጠኝ ዓመት እዚያ እርሻ ላይ ሲሠራ የተመኘው አንድ ነገር ነው፤ ስሙ በዚያ በር የሚያስገባው መዝገብ ላይ እንዲጻፍ።

ስለዚህ ፈተናው ሊደርስ አራት ቀን ሲቀረው፣ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ ጓሮ ወሰድኩት።

«አባዬ፣ እንዲህ ቁም» አልኩት። ሁለቱን እግሮቹን እኩል ከፈትኩለት። ጀርባውን በመዳፌ አቃናሁት።

እሺ ብሎ ቆመ። ትዕግሥተኛ ሰው ነው። ግራና ቀኙን አየ።

«ቡናው የት ነው?» አለኝ።

«ቡና የለም፣ ሜዳ ነው።»

«ቡና ከሌለ ለምንድን ነው የማጭደው?»

«ለፈተና ነው አባዬ። ቋሚ የሚሆን ሰው የሚመረጥበት።»

«ፈተና» አለ። «እሺ። አሳየኝ።»

ተማረ። ከሥራ አስኪያጁ በፍጥነት ተማረ፣ ይህን በእግዚአብሔር ስም እምላለሁ። በአንድ ከሰዓት በኋላ ጀርባው ቀና፣ ምቱ ረዘመ፣ ብረቱ ዞሮ ግራ ትከሻው ላይ አረፈ። እናቴ በር ላይ ተቀምጣ ታየን ነበር። አባቴ ማጨጃውን ትከሻው ላይ እንዳሳረፈ በቤንች ቋንቋ «ባልሽ ሹም ሆነ» አላት፤ እስክታስል ድረስ ሳቀች። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ «አንተ ነህ የምትጽፈው?» ሲል ጠየቀኝ። አዎ አልኩት። ፊቱ በራ። ልጁ ፈታኝ የሆነለት አባት ሌላ ምን ያስፈራዋል?

ለሥራ አስኪያጁ ግን ይህ ሰው አባቴ ነው አላልኩም። እነግረዋለሁ እያልኩ ሦስት ቀን አሳደርኩት። በሦስቱም ቀን አብሬው ሜዳው ላይ ቆሜ ነበር።

የፈተናው ቀን ካፊያ ነበር። በረንዳው ላይ ወንበር ተደርድሮ ቢሮው በሙሉ ተቀምጧል፤ ከአዲስ አበባ የመጡ የባለሀብቱ እንግዶችም ነበሩ፤ አምቦ ውኃ ይጠጣሉ። ለፈተናው ተብሎ የሜዳው ጠርዝ ሳይታጨድ ተትቷል። በዚያው ጠርዝ ጥግ ላይ አንዲት የቡና ችግኝ አለች፤ አንድ ባለሥልጣን ለጉብኝት በመጣ ጊዜ ፎቶ እየተነሳ የተከላት፣ ዙሪያዋን ኖራ የተቀቡ ድንጋዮች የተደረደሩላት። እኔ ጃንጥላ ተይዞልኝ፣ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዤ መሀል ቆሜያለሁ። ሠራተኞቹ ማጨጃቸውን ይዘው ተሰልፈዋል። ሁሉም የማን ልጅ እንደሆንኩ ያውቃሉ። ካቦውም ያውቃል። አንዳቸውም አልተነፈሱም፤ እንዲያ ያለ ጨዋነት እኔ ላይ ሲባክን ያየሁት ያኔ ነው።

አንድ በአንድ እየመጡ አጨዱ። ካቦው ቀድሞ አሠልጥኗቸው ነበርና አብዛኞቹ ቀጥ ብለው ቆሙ። ያልታጨደው ሣር እያለቀ ወደ ጥጉ ቀረበ። አባቴ ሲጠራ የቀረው በችግኟ በኩል ያለው ነበር።

የእሑድ ሸሚዙን ለብሶ፣ ኮንጎ ጫማውን አጥቦ መጣ። እንዳስተማርኩት ቆመ። እግር በትከሻ ልክ፣ ጉልበት ሰበር፣ ጀርባ ቀጥ። ሥራ አስኪያጁ ራሱን በአዎንታ ሲነቀንቅ አየሁት። እኔ አርባውን ለመጻፍ እስክሪብቶዬን ወረቀቱ ላይ አድርጌያለሁ። አባቴ ማጨጃውን አነሳ። ከዚያ በግራ በኩል ችግኟን አያት።

ማጨጃውን መልሶ አወረደ። ቀና ብሎ እኔን አየኝ።

«ቡና አለ እዚህ» አለኝ።

ለእኔ ነው የተናገረው። በረንዳው ላይ ሁሉም ይጠብቃል። «ቀጥል» አልኩት። በዚያች ቃል ውስጥ አባዬ የሚባል ነገር አልነበረም፤ ካቦ ለቀን ሠራተኛ እንደሚል ነው ያልኩት።

ቀጠለ። ቀኝ እግሩን ወደ ኋላ ሳበ፣ ግራ ጉልበቱን አጠፈ፣ ትከሻውን አወረደ። ጎበጠ። በአጭር በአጭሩ እየመታ በኖራ የተቀቡት ድንጋዮች ሥር ድረስ ገባ። ከችግኟ ወዲህ ያለው ሣር አለቀ። የችግኟ ቅጠል አልተንቀሳቀሰም።

«ሰውየው ሣሩን ፈርቶታል እንዴ?» አለ ሥራ አስኪያጁ። እንግዶቹ ሳቁ። ቢሮው ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ፈገግታ አይደለም፤ ከሆዴ፣ ድምፄን አውጥቼ፣ እኔ ከእነሱ ወገን ነኝ እንዲባልልኝ። አባቴ ማጨጃውን በሣር ጠርጎ ወደ ሰልፉ ተመለሰ።

ጻፍኩ። ለአቋቋም አምስት። ለአያያዝ ሃያ። ምት ለማጠናቀቅ ዜሮ።

ከእሱ ቀጥሎ የመጣው ወጠምሻ ጎልማሳ ከችግኟ ወዲያ ባለው ሣር ላይ ልክ እንደ ሥዕሉ ቆመ፣ ልክ እንደ ሥዕሉ መታ። ብረቱ ሣሩን አልፎ፣ ችግኟን ከሥሯ ቆርጦ፣ በግርማ ሞገስ ዞሮ ትከሻው ላይ አረፈ። ችግኟ በረንዳው ደረጃ ላይ ወደቀች። «ግሩም አጨራረስ!» ብሎ ሥራ አስኪያጁ አጨበጨበ። ዘጠና ሁለት ሰጠሁት። ከምሳ በኋላ፣ ባለሥልጣኑ አንድ ቀን ቢመለስ እንዳያውቅ፣ የምትመስላት ሌላ ችግኝ ተፈልጋ እዚያው ጉድጓድ ውስጥ ተተከለች።

አንድ ነገር ልጨምር፤ እስከዛሬ የሚያንገበግበኝ እሱ ነው። ሥራ አስኪያጁ ወረቀቱን አላነበበውም። እንዳለ ፈርሞ ለሰው ኃይል ኃላፊው ሰጠው። አርባ ብጽፍ አርባ ነበር። መቶ ብጽፍ መቶ። ማንም አላስፈራራኝም፣ ማንም እጄን አልያዘኝም። የፈራሁት ጎባጣው ሰውዬ ጥሩ ነጥብ ካገኘ አንዱ «ለምን?» ይላል፣ ከዚያ «አባቱ ስለሆነ ነው» ይባላል ብዬ ነው። ለዚህች ብዬ።

ዐሥሩ አሸናፊዎች ቋሚ ሆኑ፤ ባለሙያ ናቸው ተብሎም ለጋው ቡና ተሰጣቸው። በዚያ ዳገት፣ በዚያ ጭቃ፣ እግራቸውን በትከሻ ልክ ከፍተው ምታቸውን አጠናቀቁ። በወሩ መጨረሻ የለጋው ቡና ማሳ ገሚሱ በቁርጭምጭሚት ልክ ተቆርጦ ነበር። ሰዎቹ ላይ አልፈርድም፤ ቁም እንደተባለ መቆም እንጀራቸው ሆኗል። ሥራ አስኪያጁ ሄዶ አየና «የአመለካከት ችግር ነው» አለ። ማጨጃዎቹ እንዲቀየሩና ሥልጠናው እንዲደገም አዘዘ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይህ ነው። ካቦው ግን ማንንም ሳያስፈቅድ አባቴን ወደ ለጋው ቡና መለሰው፤ የቀረውን ያዳነው አባቴ ነው፤ በቀን ሠራተኛነቱ፣ ወቅቱ እስኪያልቅ። ሥራ አስኪያጁ በዓመቱ እድገት አግኝቶ ወደ አዲስ አበባ ተመለሰ። ሣሩን የሚያጭድለት ጠፍቶ ሜዳው ጫካ ሆነ። ዘበኞቹም መልሰው ጎደሬ ተከሉበት።

አባቴ ስለዚያ ቀን አንድም ቃል አልተናገረኝም። ያን ምሽት ቤት ስገባ «እራት ብላ» አለኝ፤ እናቴን ደግሞ «ዘንድሮ አልሆነም» አላት። እሷም በማን እጅ እንደቀረ አልጠየቀችም።

እናቴ ከዚያ በኋላ ሁለት ክረምት ኖረች። በሁለተኛው ክረምት መኪናው ቶሎ አልመጣም። ክሊኒኩ ያድናት ነበር ብዬ አልምልም፤ ሐኪም አይደለሁም። መንገድ ዳር እኔም ነበርኩ፤ በአንድ ወገን እኔ፣ በአንድ ወገን አባቴ ደግፈናት ዝናቡ ላይ ቆመን ነበር። የክሊኒኩ በር ከኋላችን ነው። ዘበኛው እግሩን በትከሻው ልክ ከፍቶ ያየን ነበር።

ዓመታት አለፉ። ሚዛን ላይ ትንሽ ቤት ሠራሁ፤ አባቴም ጉልበቱ ሲደክም እኔ ጋ መጥቶ መኖር ጀመረ። ከቤቱ ይዞ የመጣው የልብስ ሻንጣውንና ማጨጃውን ብቻ ነው። በመጣ በሳምንቱ ከአጥሩ ሥር አንዲት የቡና ችግኝ ተከለ። እኔ ያን ጊዜ ምክትል ርእሰ መምህር ሆኛለሁ፤ ስለ ሰውነት አቋም ለተማሪዎች ንግግር የማደርግ ሰው ነኝ። ሰልፍ ላይ «ቀጥ በሉ!» ስል ድምፄ ከበሩ ውጪ ይሰማል አሉ።

አንድ ቅዳሜ፣ ጓሮው በሣር ስለተዋጠ፣ ማጨጃውን አንስቼ ማጨድ ጀመርኩ። አባቴ ደረጃው ላይ ተቀምጦ ጎደሬ ይልጥ ነበር። እያጨድኩ ወደ አጥሩ ደረስኩ። ሳላስበው እግሬን በትከሻዬ ልክ ከፍቼ፣ ጀርባዬን አቅንቼ፣ ብረቱን አነሳሁ።

«ቆይ» አለ።

ቢላዋውን አስቀምጦ፣ ምርኩዙን ይዞ ቀስ እያለ መጣ። የምርኩዙን ጫፍ ቀኝ እግሬ ላይ አድርጎ ወደ ኋላ ገፋው። ቀጥሎ ግራ ጉልበቴን ነካ አደረገው፤ አጠፍኩት። ትከሻዬን በእጁ ተጭኖ አወረደው። ችግኟን አየት አደረጋት፣ ከዚያ እኔን ከእግር እስከ ራሴ አየኝ። ጎብጬ፣ አንድ ጎኔን ጥዬ፣ እንደ ታመመ ሰው ቆሜ ነበር።

«አሁን ሳቅ» አለኝ።

ቁጣ አልነበረበትም። ተመልሶ ደረጃው ላይ ተቀመጠና ጎደሬውን መላጥ ቀጠለ። እኔ በቆምኩበት ቀረሁ፤ ከአጥሩ ሥር ያለውን ሣር ያን ቀን አላጨድኩትም።